ውኃ ያልነካው በርበን፦ የትኛውን ጠርሙስ፣ በምን መለኪያ?

መደርደሪያው ላይ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ቆሟል እንበል። አንዱ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋው ዋይልድ ተርኪ ሬር ብሪድ ነው፤ የአልኮል መጠኑ 58.4 በመቶ። ሌላው በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚወጣው ኢላይጃ ክሬግ ባሬል ፕሩፍ ነው፤ በሴፕቴምበር 2023 የወጣው፣ 66.5 በመቶ። ሁለቱም በርበን፣ ማለትም በቆሎ የሚበዛበት የአሜሪካ ውስኪ ናቸው፤ ጠርሙስ ውስጥ የገቡትም ውኃ ሳይጨመርባቸው ከበርሜል እንደወጡ ነው። ገዢው እጁን የሚሰደው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትልቁ ቁጥርና «በጥቂቱ የወጣ» ወደሚለው ጽሑፍ ነው። ቤት ወስዶ በመለኪያ ቀድቶ አንድ ጉንጭ ሲወስድ ጉሮሮው ይለበለባል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ «ኃይለኛ ነው» ብሎ ጠርሙሱን ይዘጋል። የከፈለበትን ነገር ግን ገና አልቀመሰውም።

ይህን ዓይነት በርበን ከተራው የሚለየው ትልቁ ጥቅም የውኃውን መጠን ጠጪው ራሱ መወሰኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ጠርሙሶችን ማወዳደር የሚቻለው እኩል ጥንካሬ ላይ ካደረሷቸው በኋላ ነው። 66.5ን ከ58.4 ጋር እንዳለ የሚያወዳድር ሰው የሚለካው አልኮሉን ነው፤ እሱን ደግሞ ሳይቀምስ ከመለያው ላይ ማንበብ ይችል ነበር።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል

በርበን የአሜሪካ መጠጥ ነው። ሕጉ ድፍድፉ ውስጥ በቆሎ ቢያንስ 51 በመቶ እንዲሆን፣ ሲነጠር ከ80 በመቶ አልኮል እንዳያልፍ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ሲገባ ከ62.5 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሲታሸግም ከ40 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። ፕሩፍ የሚባለው የአሜሪካኖቹ መለኪያ የመቶኛው እጥፍ ነው፤ 133 ፕሩፍ ማለት 66.5 በመቶ ማለት ነው። «ባሬል ፕሩፍ» የሚል ጽሑፍ ለመለጠፍ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መጠጥ ከበርሜሉ ሲወጣ ከነበረው ከ2 ፕሩፍ በላይ ዝቅ ማለት የለበትም።

62.5 ሆኖ የገባ መጠጥ እንዴት 66.5 ሆኖ ይወጣል? መልሱ ያለው በርበን በብዛት በሚሠራበት የአሜሪካ ግዛት፣ በኬንታኪ መጋዘኖች ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ባለ ብዙ ፎቅ ናቸው፤ በበጋ የላይኛው ፎቅ በጣም ይሞቃል። በሙቀቱና በደረቁ አየር ውኃው ከአልኮሉ ፈጥኖ በእንጨቱ በኩል ይተናል፤ የሚቀረው እየቀነሰ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። ታችኛው ቀዝቃዛ ፎቅ ላይ ያለ በርሜል ግን በዚያው ዓመታት ጥንካሬው ብዙም ላይጨምር ይችላል። እንግዲህ ከፍተኛ ቁጥር ስለ ቦታውና ስለ ሙቀቱ ይናገራል፤ ስለ ጣዕሙ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

መነሻውም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የኢላይጃ ክሬግ ሠሪ ሄቨን ሂል በርሜል የሚሞላው በ62.5 በመቶ ነው። ፎር ሮዝስ በ60፣ ዋይልድ ተርኪ በ57.5፣ ሜከርስ ማርክ ደግሞ በ55። የሜከርስ ማርክ ካስክ ስትሬንግዝ (የባሬል ፕሩፍ ሌላ ስም ነው) 55 በመቶ አካባቢ መሆኑን አይቶ «ይሄማ ውኃ ገብቶበታል» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ሲገባም በዚያው ጥንካሬ ነበር። ዝቅ ብሎ መግባት የራሱ ጥቅም አለው፤ በርሜሉ ውስጥ ብዙ ውኃ ስላለ ከከሰለው እንጨት ውስጥ በውኃ የሚሟሙትን ጣፋጭ ነገሮች በደንብ ያወጣል፤ ሲታሸግም ብዙ ውኃ አይፈልግም።

ስለ መለያው ጽሑፍ አንድ ነገር ይታወቅ፦ «በጥቂቱ የወጣ» እና «ስሞል ባች» (ከጥቂት በርሜሎች የተቀላቀለ) የሚሉት ቃላት ሕጋዊ ትርጉም የላቸውም። ክብደት ያለው «ስትሬይት» የሚለው ነው፤ በርሜል ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት ቆይቷል፣ ቀለምም ማጣፈጫም አልተጨመረበትም ማለት ነው። ከ4 ዓመት ያነሰ ከሆነ ዕድሜውን መጻፍ ግዴታ ነው። የተጻፈው ዕድሜ ከተቀላቀሉት በርሜሎች ሁሉ የወጣቱ ነው። ጀርባው ላይ «የተነጠረው በ…» የሚለውን ከ«የታሸገው በ…» ለዩ። በኬንታኪ የታሸገ ሁሉ በኬንታኪ አልተነጠረም፤ ብዙ ስመ ጥር ጠርሙሶች ውስጥ ያለው መጠጥ የመጣው ከሌላ ግዛት፣ ከላውረንስበርግ፣ ኢንዲያና ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ግን ሊታወቅ ይገባል።

ከመቅዳት በፊት

ቡና በሚፈላበት፣ እጣን በሚጨስበት ቤት በርበን አይቀመስም። ሁለቱም አፍንጫን ለረጅም ጊዜ ይይዛሉ። በርበሬ የበዛበት ወጥም እንደዚሁ፤ የምላስ ማቃጠሉ ከአልኮሉ ማቃጠል ጋር ስለሚደባለቅ የትኛው ከየት እንደመጣ አይለይም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ፤ ሽቶም ይቅር።

ብርጭቆው ከታች ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ግሌንኬርን የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው፤ ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። የአረቄ መለኪያ ሽታ አይሰበስብም። ብርሌ በተቃራኒው አንገቱ በጣም ስለሚጠብ የአልኮሉን ትነት ቀጥታ ወደ አፍንጫ ይልከዋል፤ ለጠጅ የተባረከ ዕቃ 65 በመቶ ለሆነ መጠጥ አይሆንም።

ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙ። ውኃው ሽታ የሌለው የታሸገ ውኃ ይሁን፤ ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውኃ ያበላሸዋል፣ ጋዝ ያለውም አይሆንም። አፍ ለማጽዳት ጨው ያልበዛበት ዳቦ ጥሩ ነው። እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ ጣዕሙን ያዛባል። በረዶ ለግምገማ አይገባም፤ ቅዝቃዜ ሽታን ያፍናል።

በአንድ ብርጭቆ 15 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ በአንድ ጊዜ ከአራት ብርጭቆ አትለፉ። ሒሳቡ ይታይ፦ ሦስት ብርጭቆ ባለ 66.5 በመቶ፣ በጠቅላላ 45 ሚሊ ሊትር፣ ከተለመደው ባለ 40 በመቶ ውስኪ 75 ሚሊ ሊትር ጋር እኩል አልኮል አለው። ትንሽ የሚመስለው ቅጂ ትንሽ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ መኪና አይነዳም። አራተኛው ብርጭቆ ላይ የሚሰጥ ፍርድም ስለማይታመን የሚተፉበት ዕቃ ማስቀመጥ ከወይን ቀማሾች ልንወስደው የሚገባ ልማድ ነው።

አቀማመሱ

ቀድታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። መጀመሪያ የሚተነው ኃይለኛው የአልኮል ሽታ ነው፤ ወዲያው ያሸተተ ሰው ከእሱ ሌላ አያገኝም። ከዚያ ብርጭቆውን አገጭ አካባቢ ይዛችሁ፣ አፋችሁን ትንሽ ከፍታችሁ አሽትቱ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አምጡት። አፍንጫን ወደ ብርጭቆው መክተት ስህተት ነው፤ የማሽተት አቅም ለጥቂት ደቂቃ ይደነዝዛል፣ የሚቀጥሉት ብርጭቆዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

የመጀመሪያዋ ጉንጭ ለፍርድ አትሆንም። ከሻይ ማንኪያ ግማሽ የማትበልጥ ፉት ብላችሁ ምላስ ላይ አዳርሷት፤ ሥራዋ አፍን ማላመድ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛዋን ውሰዱ። የታዋቂው በርበን ነጣሪ የጂም ቢም የልጅ ልጅ ቡከር ኖ ያስለመደው «ኬንታኪ ቹ» የሚባል ዘዴ አለ፦ መጠጡን ከመዋጥ በፊት ምግብ እንደሚያኝኩ ሁሉ አፍ ውስጥ ማላመጥ። ለጥንካሬው ምላስ ብቻ እንዳይጋለጥ ያደርጋል፤ ድድና ላንቃም ይሳተፋሉ፣ የዘይትነቱ መጠንም የሚታወቀው ያኔ ነው። ከተዋጠ በኋላ ሰዓት ተመልከቱ። ጣዕሙ ስንት ሰከንድ ቆየ? የቆየው ጣዕም ነው ወይስ ሙቀት ብቻ? ደረት ላይ ለአንድ ደቂቃ የሚቆይ ሙቀት ከአልኮል የመጣ ነው፤ ነጥብ አይሰጠውም።

ቀጥሎ ውኃ። ሁሉንም ወደ 50 በመቶ አውርዱ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ያለውን ጥንካሬ ለሚፈለገው አካፍሉ፣ ከውጤቱ 1 ቀንሱ፣ በቀዳችሁት መጠን አባዙ። ለ15 ሚሊ ሊትር ቅጂ፦

66.5 በመቶ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ፤
62.5 ከሆነ 3.75፤
58.4 ከሆነ 2.5፤
55 ከሆነ 1.5።

ውኃውን ጨምራችሁ በቀስታ አዙሩና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ወዲያው ከተቀመሰ ውኃውና መጠጡ ገና አልተዋሐዱም። አንዳንዱ በርበን እዚህ ላይ ይከፈታል፤ ተደብቆ የነበረ ፍሬ፣ ማር፣ ቅመም ብቅ ይላል። አንዳንዱ ይሰበራል፤ መካከሉ ባዶ ሆኖ የእንጨት ምሬትና ቀጭን ጣፋጭነት ብቻ ይቀራል። ውድ የሆነ ጠርሙስ 50 በመቶ ላይ ከተሰበረ፣ ጥንካሬው ድክመቱን ሸፍኖለት ነበር ማለት ነው። ከመቶ ነጥብ ብትሰጡ ለውኃ መቀበሉ ቢያንስ 20 ያዙለት፤ ለቀለሙ ምንም አትስጡ። ቀለሙ እንደ በርሜሉ ቃጠሎና እንደ ቆይታው ይለያያል፤ ውኃ ሲገባም ይሳሳል።

ለጣዕሙ ስም መስጠት

የፈረንጅ ገምጋሚ የሚጠቅሳቸውን ከረሜላዎችና ኬኮች ቀምሶ የማያውቅ ሰው ስማቸውን ቢደግም አይጠቅመውም። የራሳችን ጓዳ ይበቃል። ከበቆሎው የሚመጣው ጣፋጭነት የተጠበሰ እሸት ላይ አለ። ራይ የሚባለው እህል የቁንዶ በርበሬ፣ የቅርንፉድ፣ አንዳንዴም የኮረሪማና የናና ቃና ያመጣል። በራይ ፈንታ ስንዴ የገባበት በርበን የዳቦ ቅርፊት፣ የማር፣ የቴምር ነገር አለው፤ ቅመሙ ለስለስ ይላል።

ከእንጨቱ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ነው። እሳቱ ሊግኒን የሚባለውን የእንጨት ክፍል ሲሰብረው ቫኒላ ይወጣል። ሄሚሴሉሎዝ ሲቃጠል የተቃጠለ ስኳር ይሆናል፤ ላክቶን ኮኮናት ይሸታል። ታኒን ድድን ያደርቃል። ከ10 ዓመት ወዲያ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ የቡና ቁላት፣ የድሮ የእንጨት ሳጥን ሽታ ይጨመራል። በወይራ የታጠነ ጋን ዓይነት ጭስ ገንኖ ከወጣ ግን ለበርበን እንግዳ ነው፤ በርሜሉ የሚከስለው በእሳት ነበልባል እንጂ በጭስ አይታጠንም። ያሸተታችሁትን የራሳችሁ ቃል ጻፉት። «ሰፈፍ» ብሎ የጻፈ ሰው ከስድስት ወር በኋላም ምን ማለቱ እንደነበር ያውቃል።

ጠርሙሶቹ ሲነጻጸሩ

መነሻ የሚሆን አንድ ጠርሙስ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ከሬር ብሪድ የተሻለ አይገኝም። 6፣ 8 እና 12 ዓመት የቆዩ በርሜሎች ቅልቅል ነው፣ ውኃ አልተጨመረበትም፣ ዋጋው ከብዙዎቹ ይቀንሳል፣ ሁልጊዜም አለ። የማንኛውም ብርቅ ጠርሙስ ጥያቄ «ከዚህ ምን ያህል ይሻላል?» የሚል ይሁን። መልሱ «ትንሽ» ከሆነና ዋጋው ሦስት እጥፍ ከሆነ መልሱ ታውቋል።

ኢላይጃ ክሬግ ባሬል ፕሩፍ ከ2013 ጀምሮ ይወጣል። እህሉ 78 በመቶ በቆሎ፣ 10 ራይ፣ 12 የገብስ ብቅል ነው። በመለያው ላይ ያለው የዙሩ፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ምርቱ ቁጥር ይነበባል፦ ሲ923 ማለት የዓመቱ ሦስተኛ፣ በ9ኛው ወር፣ በ2023 የወጣ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ኢላይጃ ክሬግ ጥሩ ነው» ይላል፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም። የ2023ቱን ሦስት ብቻ እንይ፦ ኤ123 12 ዓመት፣ 62.8 በመቶ፤ ቢ523 11 ዓመት ከ5 ወር፣ 62.1 በመቶ፤ ሲ923 13 ዓመት ከ7 ወር፣ 66.5 በመቶ። በአንድ ስም፣ በአንድ ዓመት ሦስት የተለያዩ መጠጦች ናቸው። የአንዱን ግምገማ አንብቦ ሌላውን መግዛት የተለመደ ስህተት ነው። በጠቅላላው ግን የእንጨት ክብደት፣ የተቃጠለ ስኳርና የቡና ቁላት ለሚወድ ሰው ይህ ነው ምርጫው። ውኃም በደንብ ይቀበላል።

ላርሰኒ ባሬል ፕሩፍ ከዚያው ከሄቨን ሂል በ2020 የተጀመረ ነው፤ የቁጥሩም አነባበብ ያው ነው። እህሉ 68 በመቶ በቆሎ፣ 20 ስንዴ፣ 12 ብቅል። ስንዴ ምን እንደሚሠራ መማር ለሚፈልግ ከኢላይጃ ክሬግ ጋር አጠገብ ላጠገብ መቅመስ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ነጣሪው አንድ ነው፣ በዋናነት የተለወጠው ሁለተኛው እህልና መጠኑ ነው። ግን የዕድሜውን ልዩነት አትርሱ፤ የላርሰኒ በርሜሎች ከ6 እስከ 8 ዓመት ናቸው። የላርሰኒው የእንጨት ጣዕም ቢቀንስ ጥፋቱ የስንዴው አይደለም። አንዳንዱ ዙር የሚለበልብ የወጣት ጠርዝ አለው፤ 50 በመቶ ላይ ሲደርስ ይለዝባል።

ሜከርስ ማርክ ካስክ ስትሬንግዝም በስንዴ ነው፤ 70 በቆሎ፣ 16 ስንዴ፣ 14 ብቅል። ለዚህ ዓለም አዲስ የሆነ ሰው ከዚህ ይጀምር። ውኃ ሳይገባበት እንኳን አፍ ይቀበለዋል። ከላርሰኒ የሚያንሰው በስፋት ነው፤ ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ይበዛል፣ ከዚያ ወዲያ ብዙ አይሄድም።

ቡከርስ በየዓመቱ ስም እየተሰጠው በተለያየ ዙር ይወጣል። ዕድሜው በዓመት፣ በወርና በቀን ሳይቀር ይጻፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት ነው። ጥንካሬው ከ60 እስከ 65 በመቶ መካከል ይውላል። መለያው የለውዝ ቃና ነው፤ አንድ ጊዜ ያወቀው ሰው በጭፍን ቅምሻ (የጠርሙሱን ስም ሳያይ ሲቀምስ) እንኳን አያጣውም። ለውዝ የማይወድ ሰው ግን የትኛውም ዙር አያስደስተውም።

ፎር ሮዝስ በየዓመቱ በጥቂቱ የሚያወጣው ሊሚትድ ኤዲሽን ስሞል ባች አካሄዱ ይለያል። ፋብሪካው ሁለት የእህል ቅምር አለው፤ አንዱ 20 በመቶ ራይ፣ ሌላው 35 በመቶ። አምስት ዓይነት እርሾም አለው፣ ሲባዛ አሥር አዘገጃጀት ይሆናል። መጋዘኖቹ ባለ አንድ ፎቅ ስለሆኑ የሙቀት ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ጥንካሬውም አይንርም፤ ባለፉት ዓመታት ከ53 እስከ 58 በመቶ መካከል ነበር። በቁጥር ለሚገዛ ሰው ይህ «ደካማ» ይመስላል። በእኩል ጥንካሬ ጭፍን ቅምሻ ላይ ግን ከሁሉም ብዙ ቃና የሚቆጠርበት ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው፤ ፍሬ፣ አበባ፣ ናና፣ ቅመም እየተከታተለ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ሁሉ ብርቅ ቢሆንም የሚወጣበት ገንዘብ ይገባዋል የምንለው እሱን ነው።

ስታግ እና ጆርጅ ቲ. ስታግ ስማቸው ይምሰል እንጂ አንድ አይደሉም። ሁለቱም የባፋሎ ትሬስ ፋብሪካ ናቸው። የመጀመሪያው በ2013 ስታግ ጁኒየር ተብሎ ጀምሮ በ2022 «ጁኒየር» የሚለው ወደቀለት፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይወጣል። ሁለተኛው ከ2002 ጀምሮ በመኸር አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፣ ዕድሜውም ከ15 ዓመት የማያንስ ነው። በ2021 ጭራሽ አልወጣም፤ ፋብሪካው ደረጃውን አልደረሰም ብሎ አስቀረው። ይህ ለገዢ ጥሩ ምልክት ነው፤ ስሙን ለመሸጥ ሲል ያልበቃውን አላወጣም። ጣዕሙ ጥቁር ቼሪ፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ ትምባሆ ነው። በ2022 69.35 በመቶ ነበር፤ ይህን ያህል የጠነከረ መጠጥ ያለ ውኃ መገምገም ጀግንነት አይባልም፣ 15 ሚሊ ሊትሩ 6 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ዊልያም ላሩ ዌለር የስንዴው አቻው ነው፤ ጣፋጭነትና ክብደት አብረው የሚገኙበት። በፋብሪካው ዋጋ የተገኘ እንደሆነ ሁለቱንም ያለ ጥርጥር ግዙ። በአሥር እጥፍ ዋጋ ግን የሚከፈለው ለጠርሙሱ ዝና ነው፤ ልዩነቱ በጭፍን ቅምሻ አሥር እጥፍ ሆኖ አይታይም።

ጭፍን ቅምሻ

ሁለት ጠርሙስ የእውነት ይለያዩብኝ ይሆን ብሎ ለሚጠይቅ መላው ሦስት ብርጭቆ ነው። ሌላ ሰው በሁለቱ አንዱን፣ በሦስተኛው ሌላውን ይቅዳ፣ ሁሉንም 50 በመቶ ያድርስ፣ ከሥራቸው ምልክት ይለጥፍ። ቀማሹ የተለየውን ይፈልግ። በአጋጣሚ የማግኘት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ በአጋጣሚ ለማግኘት ግን ከ27 አንድ ብቻ። ሦስት ጊዜ ካገኘ ልዩነቱን አውቆታል። ካላገኘ ርካሹን ይግዛ፤ ምላሱ ፈርዷል።

ችግር ሲኖር

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከ15 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ መጠጡ ወይ ወጣት ነው፣ ወይ ሲነጠር የመጀመሪያው ክፍል በደንብ አልተለየም። ዳግም አረቄ የሚያወጡ እናቶች ይህን ሽታ ያውቁታል። ጥሬ ሊጥና ጥሬ በቆሎ ከመጣ ዕድሜው አልበቃም። ረጅም ጊዜ ተዘፍዝፎ የተረሳ ሻይ ዓይነት ጎምዛዛነት ድድን ካደረቀ እንጨቱ በዝቷል፤ ውኃ ሲጨመር የሚብስ ከሆነ መዳኛ የለውም። እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ ከሸተተ ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ ደረሰኙን ይዛችሁ መልሱት።

ውኃ ወይም በረዶ ሲገባበት የሚደፈርስ ከሆነ አትደንግጡ። በቅዝቃዜ ያልተጣራ መጠጥ ውስጥ ያሉት የቅባት ክፍሎች ጥንካሬው ከ46 በመቶ ሲወርድ ይረጋሉ፤ ለአፍ ውፍረት የሚሰጡትም እነሱው ናቸው። ከሥሩ የሚታዩ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮችም የበርሜሉ ከሰል ናቸው፣ ጉዳት የላቸውም።

ሲገዛ፣ ሲጓዝ፣ ሲቀመጥ

ዋጋ ስታወዳድሩ ጠርሙሱን ወደ 50 በመቶ ለውጡት። 750 ሚሊ ሊትር በ66.5 በመቶ ማለት በ50 በመቶ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ መጠጥ ነው፤ በ58.4 ከሆነ 876 ሚሊ ሊትር፣ በ55 ከሆነ 825። በአውሮፓ ጠርሙሱ 700 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሒሳቡ ይቀየራል።

በአሜሪካ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ዕድል አለ። ቨርጂኒያ ግዛትና የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ብርቱ መጠጥ የሚሸጡት በመንግሥት መደብር ነው፤ ብርቆቹን ጠርሙሶች ለነዋሪዎቻቸው በዕጣ በመደበኛ ዋጋ ያቀርባሉ። መመዝገብ ከመሰለፍ ይሻላል። ከግለሰብ እጅ መግዛት በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕገ ወጥ ነው፤ ባዶ የብርቅ ጠርሙስ በርካሽ ተሞልቶ የሚሸጥበትም አደጋ አለ። ሙሉ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት መጠጥ ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ መቅመስ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ወደ አዲስ አበባ ይዞ ለሚሄድ፦ የአሜሪካ የአየር ጉዞ ደንብ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ሊትር፣ ሳይከፈት፣ በሚጫን ሻንጣ ይፈቅዳል። ከ70 በመቶ በላይ የሆነ በእጅም በሻንጣም አይሄድም። የ2007ቱ ጆርጅ ቲ. ስታግ 72.4 በመቶ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጠርሙስ ሻንጣ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ከመሸኘታችሁ በፊት መለያውን አንብቡ።

ቤት ውስጥ ጠርሙሱን እንደ ወይን አታስተኙት፤ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል፣ ሲከፈትም ተሰብሮ ይቀራል። አቁሙት፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቁት። አዲስ የተከፈተን ጠርሙስ በመጀመሪያው ቀን ብቻ አትፍረዱበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቅመሱት። መጠጡ ወደ ሲሶው ሲወርድ አየሩ ስለሚበዛበት በወራት ውስጥ ቃናው ይደክማል። ያኔ በደንብ ታጥቦ ወደ ደረቀ ባለ 200 ሚሊ ሊትር የመስታወት ጠርሙስ እስከ አንገቱ ገልብጡት፣ ክዳኑን አጥብቁና የዙሩን ቁጥር በላዩ ጻፉበት።